የተበየደ ኤስኤስዲ መቼ ያልቃል? ፍርሃቱ ቦታ ስቷል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ላፕቶፔን ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መቀየር አይቻልም። ሰሞኑን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ጫንኩና እስካሁን 19 ቴራባይት እንደተጻፈበት፣ ከዕድሜው ደግሞ 6 በመቶ እንደሄደ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ስዋፑን አጠፋሁ፣ ዳውንሎድ የማደርገውን ሁሉ ፍላሽ ላይ አደረግኩ፣ ብሮውዘሩ ካሽ (የከፈትኳቸውን ገጾች ቅጂ) እንዳይዝ ከለከልኩ። 100 በመቶ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ሊሞት ነው? ወይስ ሳይረፍድ ልሽጠው?»

አትሽጠው። ያጠፋኸውን ስዋፕም፣ ማለትም ራሙ ሲሞላ ሲስተሙ በምትኩ የሚጠቀምበትን የዲስክ ቦታ፣ ዛሬውኑ መልሰህ አብራው፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡ። ቁጥሮቹን ራስህ ጽፈህልኛል፣ ማካፈሉን ብቻ ነው የተውከው። በ14 ወር 6 በመቶ ከሄደ፣ በዚሁ አካሄድ 100 ላይ ለመድረስ 233 ወር ገደማ ይወስዳል። ከ19 ዓመት በላይ ነው። 19 ቴራባይት ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ለቀን ሲካፈል ግን 45 ጊጋባይት ያህል ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሠላሳ አርባ ታብ ከፍቶ ለሚሠራ ሰው የሚጠበቅ ነው። ትንሽ በዛ ይላል፣ አልዋሽህም፤ ሰነድ ጽፎ ኢሜይል አይቶ የሚዘጋ ሰው ዲስክ ላይ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው የሚጻፈው። ቢሆንም 19 ዓመት ሳይሞላ ባትሪው ያልቃል፣ ማጠፊያው ይላላል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም አዲስ ስሪት አልቀበልም ይልሃል።

በነገራችን ላይ ይህ ድንጋጤ ያንተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ኤም1 የተባለ የአፕል ቺፕ ያለው ማክ የገዙ ሰዎች ልክ እንዳንተ ቁጥሩን አይተው ኢንተርኔቱን አንጫጭተውት ነበር። ከእነዚያ ማሽኖች ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ።

ይህን ስልህ ግን ኤስኤስዲ የሚሠራበት ፍላሽ ሚሞሪ አያልቅም ማለቴ አይደለም። ያልቃል። ዳታው የሚቀመጠው በጣም ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታሰሩ ኤሌክትሮኖች ነው። እነሱን ለማስገባትና ለማውጣት ከፍ ባለ ቮልቴጅ እየተገፉ በስስ መከለያ ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል። ባለፉ ቁጥር መከለያው ትንሽ ትንሽ ይጎዳል። የሆነ ጊዜ ላይ ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ ያ ክፍል አረጀ ይባላል። እዚህ ላይ ልብ በል፣ የሚጎዳው መጻፍና ማጥፋት ነው። ማንበብ ከቁጥር የሚገባ ጉዳት የለውም። አንድ ፊልም ደጋግሜ ካየሁ ዲስኩ ያልቅብኛል ብለህ አትስጋ።

በአንድ ክፍል አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ኤስኤልሲ የሚባለው ዓይነት 100,000 ጊዜ ያህል ተጽፎ ሊጠፋበት ይችላል። ዛሬ በብዛት የምናገኘው ቲኤልሲ በአንድ ክፍል ሦስት ቢት ያጭቃል፤ ለዚህም ስምንት የተለያዩ የቻርጅ መጠኖችን መለየት አለበት። ኪውኤልሲ አራት ቢት ነው፣ መጠኖቹም አሥራ ስድስት ይሆናሉ። በመጠኖቹ መካከል ያለው ክፍተት በጠበበ ቁጥር ትንሿ ጉዳት እንኳ ለስህተት ትበቃለች። ለዚህ ነው ቲኤልሲ ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ፣ ኪውኤልሲ ደግሞ ከጥቂት መቶ እስከ 1,000 ጊዜ አካባቢ ነው የሚባለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «1,000 ጊዜ ሴቭ ካደረግኩ አለቀ ማለት ነው?» ይላል። አይደለም። 1,000 ጊዜ ማለት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር 1,000 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። ኮንትሮለር የሚባለው ክፍል አንዱ ትልቅ ሥራው ጽሕፈቱን ለሁሉም ክፍሎች ማዳረስ ነው። አንዱን ፋይል ቀኑን ሙሉ ሴቭ ብታደርገው በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚህ ሌላ ለተጠቃሚው የማይታይ መጠባበቂያ ቦታ አለው፤ አንዱ ክፍል ሲደክም ሌላው ይተካል። የተበላሸ ቢትም በስሌት እያረመ ይሄዳል። አንተ ምንም ሳታውቅ።

ስለዚህ የማከማቻው ስፋት ራሱ ዕድሜ ነው። 3,000 ጊዜ የሚጻፍበት 8 ጊጋባይት ቺፕ በድምሩ 24 ቴራባይት ይችላል። 256 ጊጋባይት ሲሆን 768 ቴራባይት። ቺፑ ያው ነው፣ ሸክሙ የሚከፋፈለው ግን ለብዙ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ሂሳብ ብቻ አይደለም። ቴስላ በቀድሞዎቹ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖቹ ስክሪን ኮምፒውተር ውስጥ 8 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ኢኤምኤምሲ የተባለ የተበየደ ማከማቻ ነበር ያስገባው። ሲስተሙ በየጊዜው መዝገብ ይጽፍበታል፣ ሌት ተቀን። ጥቂት ዓመት ሲሞላው ቺፑ አለቀ፤ ስክሪኑ ጨለመ፣ የኋላ ካሜራውም አብሮ ጠፋ። በ2021 ወደ 135,000 የሚጠጉ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። እዚያ ላይ የአንተ ዓይነት ስጋት ትክክል ነበር። ትንሽ ቺፕ፣ ብዙ ጽሕፈት፣ መቀየር የማይቻል። በርካሽ ላፕቶፖችና ታብሌቶች ውስጥ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ ካየህ ይህን ታሪክ አስታውስ። ያንተ ላፕቶፕ ግን እዚህ ምድብ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ 100 በመቶው እንምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ጥያቄህ እሱ ነበር። ያ ቁጥር የሞት ቀጠሮ አይደለም። አምራቹ «እስከዚህ ድረስ በኃላፊነት እቆማለሁ» ያለበት መጠን ነው። ለምሳሌ ሳምሰንግ 870 ኢቮ የሚባለው ኤስኤስዲ በ1 ቴራባይት ስፋቱ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት፣ በ250 ጊጋባይት ስፋቱ ደግሞ 150 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ዋስትና አለው። ከዚያ በኋላ ዋስትናው ነው የሚያበቃው፣ ዲስኩ አይደለም። ቆጣሪው ራሱ ከ100 አልፎ እስከ 255 እንዲቆጥር ነው የተሠራው። በኢንዱስትሪው መስፈርት መሠረት ደግሞ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጥ ኤስኤስዲ የተባለለትን ያህል ተጽፎበት ካበቃ በኋላም፣ መብራት ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት ዳታውን መያዝ ይጠበቅበታል።

ቴክ ሪፖርት የሚባል ድረ ገጽ ከ2013 እስከ 2015 ስድስት ኤስኤስዲዎችን እስኪሞቱ ድረስ ያለማቋረጥ ጽፎባቸዋል። ሁሉም 250 ጊጋባይት አካባቢ ነበሩ። ስድስቱም 700 ቴራባይት ደርሰዋል፣ የመጨረሻው ደግሞ ከ2,400 ቴራባይት በላይ ቆይቷል። ቁጥሩን እንዳለ ወደ ራስህ አትውሰደው፤ የዚያን ጊዜ ቺፖች በአብዛኛው ሁለት ቢት የሚይዙ፣ ከዛሬዎቹ ጠንከር ያሉ ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። አንደኛው ዲስክ ገደቡ ላይ ሲደርስ «ከእንግዲህ ማንበብ ብቻ» ብሎ ራሱን ቆለፈ፤ ጥሩ ነው፣ ዳታው አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን ያው ዲስክ ጭራሽ ተሰወረ። አንድ ቀን «ማንበብ ብቻ» ወይም መጻፍ አልተቻለም የሚል ነገር ካጋጠመህ መጀመሪያ ዳታህን አውጣ። ሪስታርት እንዳታደርግ።

እንግዲህ ኤስኤስዲ አልቆ ካልሞተ በምንድን ነው የሚሞተው? በሌላ ነገር ሁሉ። ኮንትሮለሩ ይቃጠላል። የኃይል መስመሩ ይበላሻል። ፈርምዌሩ ላይ፣ ማለትም ዲስኩን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም ላይ፣ ስህተት ይኖራል። በ2019 ኅዳር ላይ ሂውለት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ለሰርቨር የሚሸጣቸው የተወሰኑ ኤስኤስዲዎች ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ እንደሚሞቱ አስታወቀ። ይህ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ቺፖቹ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ፈርምዌሩ ውስጥ ያለ ስህተት ነበር። አንድ ላይ የተገጠሙ ዲስኮች አንድ ላይ ሊሞቱ ማለት ነው፣ ዳታቸውም አይመለስም። ፈርምዌሩን ቀድሞ ያዘመነ ተረፈ። በ2016 ደግሞ ጉግል ውስጥ የስድስት ዓመት ዳታ ይዞ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ስህተት መብዛቱ ከተጻፈው መጠን ጋር ብቻ ሳይሆን ከዲስኩ ዕድሜ ጋርም ይያያዛል ይላል። ትንሽ የተጻፈበት አሮጌ ዲስክም አያስተማምንም ማለት ነው። በሌላ በኩል ኤስኤስዲዎቹ ከሃርድ ዲስክ ባነሰ መጠን ነበር የሚቀየሩት።

መበየዱ የሚጎዳህ እዚህ ላይ ነው። የተበየደ ቺፕ ከሚነቀለው ቀድሞ አያረጅም። ችግሩ ሌላው ዕቃ ሲሞት እሱም አብሮ መቀበሩ ነው። አንድ ጊዜ ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ መጣልኝ። ማከማቻው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ ጤናው ሙሉ ነበር። የተቃጠለው ማዘርቦርዱ ነው። የሚነቀል ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ እሰካው ነበር። የባለቤቷ የሁለት ዓመት ሥራ ግን እዚያው ቀረ። ቺፑን ነቅሎ ሌላ ቦርድ ላይ መበየድስ? በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ዋጋ የለውም። ዳታው በኢንክሪፕሽን የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ያለው ሌላ ቺፕ ውስጥ ነው። አፕል ቲ2 የተባለውን ቺፕ ማስገባት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከኤም1 ጀምሮ ያሉት ማኮች እንዲያውም ውስጣዊው ማከማቻ ከሞተ ከውጭ ዲስክ እንኳ አይነሱም። ዊንዶውስ 11 ላይም ብዙ ላፕቶፖች ሳትጠየቅ ዲስኩን ይቆልፉታል። ቢትሎከር የሚባለው የዚህ የዊንዶውስ መቆለፊያ መክፈቻ ቁልፍህ የት እንዳለ የማታውቅ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አቁመህ መጀመሪያ እሱን ፈልግ።

ሌላም አለ። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ይንቋቋል፣ ይዘገያል፣ ያስጠነቅቃል። ኤስኤስዲ ግን ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት ላይነሳ ይችላል። የጠፋ ፋይልም ቢሆን ትሪም የሚባለው ሥራ ቦታውን ቶሎ ስለሚያጸዳው በፕሮግራም ቆፍሮ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም።

ወደ ወሰድካቸው እርምጃዎች ልመለስ። ስዋፑን ማጥፋት መጥፎ ልውውጥ ነው። ራም ሲሞላ ሲስተሙ መውጫ ያጣል፣ ፕሮግራም ይዘጋብሃል፣ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ከ19 ዓመት ላይ ጥቂት ዓመት ለመጨመር ብለህ የዛሬ ሥራህን ነው አደጋ ላይ የጣልከው። ዳውንሎዱን ፍላሽ ላይ ማድረግህ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ርካሽ ፍላሾች ውስጥ ያለው ኮንትሮለር ደካማ ነው፣ ቺፑም ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ደረጃ ነው። ከጠንካራው አውጥተህ ከደካማው አስቀመጥክ። የብሮውዘር ካሽ ማጥፋት ገጾችን ያዘገያል፣ ኢንተርኔትህን ይበላል፣ የሚያተርፈው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «የኤስኤስዲ ዕድሜ አራዛሚ» የሚል ፕሮግራም ከጫንክ አጥፋው። ዊንዶውስ ራሱ በየሳምንቱ የሚያደርገውን ኦፕቲማይዝ ግን ተወው፤ ለኤስኤስዲ በዋናነት ትሪም መላክ ነው፣ ይጠቅማል።

ጽሕፈቱን በእውነት መቀነስ ከፈለግክ የሚጽፈውን ፈልግ። በዊንዶውስ ሪሶርስ ሞኒተር፣ በማክ አክቲቪቲ ሞኒተር ላይ የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደጻፈ ይታያል። አንዳንዴ ጥፋተኛው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። በ2016 ስፖቲፋይ ላይ በነበረ ስህተት ፕሮግራሙ ሙዚቃ ሳይከፈትበት እንኳ በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊጋባይት ይጽፍ ነበር፤ በማሻሻያ ነው የተስተካከለው። ካልሆነ ታብ ቀንስ። ቀላሉ መድኃኒት እሱ ነው።

ከዲስኩ ላይ ደግሞ 15 ወይም 20 በመቶ ሁልጊዜ ባዶ ተው። ፍላሽ የሚጻፈው በትንንሽ ገጽ ነው፣ የሚጠፋው ግን በትልልቅ ብሎክ ነው። ቦታ ሲጠብ ኮንትሮለሩ አንዷን ገጽ ለማስገባት ብዙ ሌሎች ገጾችን ማዛወር ይገደዳል። አንተ 1 ጊጋባይት ጻፍኩ ስትል ቺፖቹ ላይ 3 ወይም 4 ሊጻፍ ይችላል። ጢም ብሎ የሞላ 256 ጊጋባይት ዲስክ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በዚህ ነው፣ ፍጥነቱንም አብሮ ያጣል።

ቁርጥ ያለ ምክሬ ይኸው። ዲስኩን መንከባከብ ትተህ ዳታውን አስቀምጥ። አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ግዛ፣ ባክአፑ በራሱ እንዲሠራ አድርግ፣ «ቅዳሜ በእጄ እገለብጠዋለሁ» አትበል፤ ማንም አያደርገውም፣ እኔም አላደርገውም። የማይተኩትን ፎቶዎችና ሥራዎች ደግሞ ሌላ ቦታ ወይም ክላውድ ላይ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ይኑራቸው። ከዚያም አንድ ፋይል ከባክአፑ መልሰህ አውጥተህ ሞክር፤ ጅብ ከሄደ በኋላ ባክአፑ ባዶ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ለባክአፕ ኤስኤስዲ ከተጠቀምክ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት አትርሳው፤ መብራት ሳያገኝ ሲቆይ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይሸሻል። በየጥቂት ወሩ ሰካው።

የጤና ቁጥሩን በየ6 ወሩ አንዴ እይና ዝጋው። በየቀኑ ማየት ልብ ማድረቅ ነው። የዕድሜ ቆጣሪው 80 በመቶ ካለፈ፣ መጠባበቂያው ቦታ ከ100 እየወረደ ከሄደ፣ ወይም የስህተት ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ መቁጠር ከጀመረ ያኔ ማሽን ስለመቀየር አስብ። የአምራቹ የፈርምዌር ማሻሻያ ሲመጣም አትለፈው፣ ግን ባክአፕ ካደረግክ በኋላ ይሁን።

ቺፑን ማስቀየር ይቻላል ወይ ብትለኝ፣ ሙቅ አየር ይዞ ነቅሎ አዲስ የሚበይድ ባለሙያ አለ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ይሠራልም። ዋስትናህ ግን ያበቃል፣ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል፣ የድሮው ዳታም አይመለስም። ማሽኑ ያለዚያ የሚጣል ካልሆነ በቀር አትሞክረው።

ሌላ ላፕቶፕ የምትገዛበት ቀን ሲደርስ መጀመሪያ ራሙ ላይ አውጣ፤ 16 ጊጋባይት ይሁን፣ ስዋፑ በዚያው ይቀንሳል። ማከማቻው ከ512 ጊጋባይት አይነስ። ሁለት ማሽኖች በሌላው ነገር እኩል ሆነው አንዱ ኤም.2 የሚባለውን የሚነቀል ኤስኤስዲ ከያዘ፣ ሳታመነታ እሱን ውሰድ። የአሁኑን ከዚያ በኋላ ብትሸጠው እንኳ 6 በመቶ ያለቀ ዲስክ ዋጋ አያስቀንስም፤ ገዢው ከጠየቀህ ቁጥሩን አሳየው። ብቻ ስትሸጥ ፋይሎቹን በእጅህ እየመረጥክ አታጥፋ፣ ሲስተሙ ራሱ ባለው ሙሉ ማጽጃ አጽዳው።